የናፍጣ ሞተር ሲገለበጥ፤ የጉዳቱ አመጣጥና ምርመራው

ሩዶልፍ ዲዝል የመጀመሪያውን ሞተሩን እ.ኤ.አ. በ1893 በአውግስቡርግ የማሽን ፋብሪካ ውስጥ ሲሞክር፣ በሲሊንደሩ የታመቀው ግፊት መለኪያውን አፈንድቶ በአጠገቡ የቆሙትን ለጥቂት ስቷቸዋል። ብዙ ድካም ከተጨመረበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1897 ፕሮፌሰር ሞሪትዝ ሽሮተር ባካሄዱት ፍተሻ ሞተሩ ከነዳጁ ሙቀት 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ መለወጡ ተረጋገጠ። ይሁን እንጂ ያ ሞተር ቁመቱ ሦስት ሜትር ያህል የሆነ፣ በጽኑ መሠረት ላይ የተተከለ ግዙፍ ነገር ነበር። አንድ ቀን በጎኑ ይተኛል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ሊያስብም ምክንያት አልነበረውም።

ሞተሩን ከመሠረቱ ነቅሎ ወደ ተዳፋት ለማውጣት ከረዱት ነገሮች ዋነኛው የሮበርት ቦሽ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1927 በብዛት ማምረት የጀመረው የነዳጅ መርጫ ፓምፕ ነው። በ1931 ካተርፒላር የመጀመሪያውን የናፍጣ ትራክተሩን ለገበያ አቀረበ። ሞተሩ ግን የትውልድ ጠባዩን ይዞ ነው የወጣው፤ አየርን አብዝቶ ያምቃል፣ ጉልበቱም የሚመጠነው በናፍጣው እንጂ በአየሩ አይደለም።

መሣሪያው ሲገለበጥ ጉዳቱ የሚመነጨው ከእነዚሁ ጠባዮች ነው። ሞተሩ እየሠራ በጎኑ ከወደቀ የኮፓው ዘይት በፋሻዎቹ በኩል ያልፋል፣ ወይም በመተንፈሻው ወደ አየር መግቢያው ይደርስና እንደ ነዳጅ ይቃጠላል። ያን ጊዜ ናፍጣው ቢዘጋም ሞተሩ በራሱ ዘይት ይጋልባል፤ የሚገታውም አየሩ ሲታፈን ነው። በአንጻሩ የዘይት ፓምፑ አየር ስለሚስብ ብሮንዚኖቹ ወዲያው ይደርቃሉ። ሞተሩ ቆሞም ቢሆን ዘይቱ ቀስ እያለ ከፒስተኑ በላይ ይጠራቀማል። 2 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 16 ለ 1 የሚያምቅ ቢሆን፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 133 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ከሁለት ስኒ ቡና አይበልጥም። ዘይት እንደ አየር አይታመቅምና ፈሳሹ ከዚህ ከበለጠ ሞቶሪኖው ሲነካ የሚታጠፈው ቢየላው ነው።

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 ለአዳዲስ ትራክተሮች የተፈተነ የመከላከያ ጣሪያ በሕግ ካስገደደች ወዲህ፣ ይህ ጣሪያ በየአገሩ ተስፋፍቶ የብዙ ሠራተኞችን ሕይወት አትርፏል። እንደ እኔ አስተያየት ግን ሰውም መሣሪያውም ደህና መስለው ስለሚነሡ «ምንም አልሆነም» ማለትን አስለምዶናል።

ይህን የምለው ስለ ሌላ ሰው አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ በጎኑ ያደረ ዶዘር በማግሥቱ ቀና ተደረገ፤ ኦፕሬተሩም በእግሩ ቆሞ ያይ ነበር። አንጋፋው መካኒካችን «መጀመሪያ ኢንጀክተሮቹ ይፈቱ» አሉ። እኔ ግን ዲግሪዬን ተማምኜ፣ የሥራው መርሐ ግብርም አስጨንቆኝ «ዘይት ሞልታችሁ አስነሡት» አልኩ። ሞቶሪኖው አንዴ ተንቀጥቅጦ ቆመ። ደገምነው፤ ሞተሩም ተነሣ። በሦስተኛው ደቂቃ ቢየላው ብሎኩን ቀዶ ወጣ።

እኒያ ሰው ያሰቡት ሥርዓት ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። ከመፍቻ በፊት ጥያቄ ይቀድማል፤ በየትኛው ጎን ተኛ፣ ስንት ሰዓት ቆየ፣ ሞተሩ ወዲያው ጠፋ ወይስ ሠራ? ቀጥሎ ኢንጀክተሮቹ ተፈትተው ቮላኖው በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። በቀዳዳው የሚወጣው ፈሳሽ ዘይት፣ ውሃ ወይም ናፍጣ መሆኑ ይለያል፤ ቮላኖው አልዞርም ካለ አይገደድም። ከዚያ ፒስተኖቹ ሁሉ እኩል ከፍታ መድረሳቸው በመለኪያ ሰዓት ይታያል። የአንዱ ማነስ የቢየላ መታጠፍ ምልክት ነው፤ የእምቅታ ልኬቱም አብሮ ዝቅ ይላል። በጎኑ ሆኖ የሠራ ከነበረ የዘይት ማጣሪያው ተቀዶ የብረት ብናኝ ይፈለግበታል፤ ኮፓውም ወርዶ ብሮንዚኖቹ ይታያሉ። የአየር መተላለፊያው እስከ ማቀዝቀዣው ድረስ ይታጠባል፤ በዚያ የቀረ ዘይት ሞተሩን ሊያስጋልበው ይችላልና። በመጀመሪያው ማስነሣት ጊዜ አንድ ሰው የአየሩን መግቢያ የሚደፍን ጠፍጣፋ ነገር ይዞ ይቆማል።

የእኛን ሞተር ስንፈታ ከቀሩት አምስት ፒስተኖች አንዱ ከጓደኞቹ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ አገኘነው። አንጋፋው መካኒክ መለኪያውን አሳዩኝና ምንም ሳይናገሩ ወደ ሣጥኑ መለሱት።