አርባ ምንጭ እና የጋሞ ዞን፦ ታሪክና ቅርስ

የጋሞ ዞን መቀመጫ የሆነችው አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ሥር ትገኛለች። ስሟን ያገኘችው ከከተማዋ በታች ባለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ነዋሪው ዛሬም የሚጠጣው የእነዚሁ ምንጮች ውሃ በመሆኑ የደኑ ህልውና ከውበቱ ይልቅ የውሃ ጉዳይ ነው።

ከተማዋ በዕድሜ ወጣት ናት። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ቀድሞ በደጋው ያለችው ጨንቻ ስትሆን፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወደ አርባ ምንጭ ተዛወረ። ከተማዋ በሁለት ክፍል የተመሠረተች ሲሆን ከፍ ብሎ የሚገኘው ሴቻ፣ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ደግሞ ሲቀላ ይባላል። በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ አድጓል። የጋሞ ጎፋ ዞን በ2011 ዓ.ም. ጋሞ እና ጎፋ ተብሎ በሁለት ዞኖች ተደራጀ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አካባቢው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ሆነ። በቀድሞ ሰነዶች ላይ የሚታየው የአስተዳደር ስም ከአሁኑ የሚለየው በዚህ ምክንያት ነው።

የሰው ኑሮ ግን በዚህ ምድር እጅግ ጥንታዊ ነው። በጋሞ ደጋማ ስፍራ በምትገኘው ሞታ ዋሻ፣ በአካባቢው ሽማግሌዎች እገዛ ጥናት ያካሄዱ ተመራማሪዎች 4,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሰው አጽም አግኝተዋል። አጽሙ "ባይራ" ተብሏል፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የዘረመል ጥናት ከአፍሪካ ጥንታዊ አጽም ሙሉ የዘር ቅንብር የተነበበበት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ከጨንቻ አጠገብ የሚኖሩት ዶርዜዎች በሽመናቸው ይታወቃሉ። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ የአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያም የእነርሱ እጅ ያረፈበት ነው። ከቀርከሃ ተሠርቶ በእንሰት ቅጠል የሚለበሰው ረጅም ቤታቸው የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ ሥሩን ሲበላው የተበላው ክፍል ተቆርጦ ቤቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አጠር ያለው ቤት አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፋው ነው። ሲያስፈልግም በብዙ ሰው ትከሻ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ይወሰዳል።

ከጋሞ ቅርሶች ሁሉ በእጅ የማይዳሰሰው ሳይልቅ አይቀርም። ሕዝቡ ስለ ጋራ ጉዳዩ የሚመክርበትና ጠብ የሚያበርድበት አደባባይ "ዱቡሻ" ይባላል። በዱቡሻ ተራ ሳይጠብቁ መናገር ነውር ነው፤ ዕርቅም ከፍርድ ይቀድማል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢዋ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያና መፈናቀል በደረሰ ጊዜ በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች አደባባይ ወጡ። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ አይቻልምና ወጣቶቹ ተመለሱ፤ በቀልም አልተፈጸመም። ይህን ያስቻለው በዕለቱ የተዘጋጀ ንግግር ሳይሆን ከልጅነት ጀምሮ የተለመደ ሥርዓት ነው።

ከከተማዋ በስተምሥራቅ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመውና 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ቀላ ያለ ውሃ ያለውን አባያን ከጫሞ የሚለየው የየብስ ድልድይ "የእግዜር ድልድይ" ይባላል። በጫሞ ዳርቻ አዞዎች የሚሰበሰቡበትን ስፍራ ሕዝቡ "የአዞ ገበያ" ይለዋል። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1990 በፓርኩ መንገድ ላይ ሞቶ ከተገኘ የሌሊት ወፍ አንድ ክንፍ ብቻ ተወስዶ፣ ከዚያው ክንፍ አዲስ የአዕዋፍ ዝርያ ተለይቷል (እዚህ "የሌሊት ወፍ" ስንል በሌሊት የሚበር እውነተኛ ወፍ ማለታችን ነው)። በአንጻሩ ፓርኩ እንዲጠብቃት የታሰበችው የስዌይን ቆርኬ በግጦሽና በሰፈራ ጫና ምክንያት ከሜዳው ጠፍታለች ለማለት ጥቂት ይቀራል።

በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማንኛውም ሰው ለግንባታ፣ ለመንገድ ወይም ለሌላ ሥራ ሲቆፍር ቅርስ ቢያገኝ ሳያንቀሳቅስ ባለበት ጠብቆ ወዲያውኑ ማሳወቅ ይኖርበታል። በእጁ ቅርስ ያለውም ማስመዝገብ አለበት። ባለጉዳዮች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መቅረብ ይችላሉ፤ ጉዳዩ በፌዴራል ደረጃ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ነው።