የመንገድ ሐቅ፦ ከኩፋ እስከ ኮልፌ 18 ማዞሪያ



የምኖረው በኮልፌ 18 ማዞሪያ ከአስፋልቱ ዳር ነው። የፈጅር አዛን ሳይሰማ የመጀመሪያው የታክሲ ረዳት «መርካቶ! መርካቶ!» እያለ ይጣራል። ቀጥሎ የጭነት መኪናው ሲያልፍ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። ከዐስር ሶላት በኋላ ሕፃናት ለቁርኣን ትምህርት ሲሰበሰቡ ድምፃቸው ከጥሩምባው ጋር ይጋጫል፤ እኔም ለማረም ስጮህ ማታ ጉሮሮዬ ይዘጋል። በበጋ አቧራው በመደርደሪያው ላይ ባሉት ኪታቦች ይሰፍራል፤ ጠዋት ጠርገነው ማታ ተመልሶ እናገኘዋለን።

ይሁን እንጂ መንገድ ዳር መኖር ጸጋም አለው። ሌሊት ሰው ቢታመም መኪና አይቸግርም። ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ብዙ ሳይጠይቅ ቤታችንን ያገኛል። ጎረቤቶቻችንም እንጀራቸውን የሚያገኙት ከዚሁ መንገድ ነው፤ ሱቁ፣ ጉሊቱ፣ ጋራዡና ብየዳ ቤቱ ሁሉ በአላፊ አግዳሚው ይኖራል።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ጩኸቱ ማማረር አይደለም። እኛ መንገድ ዳር የምንኖር ሰዎች ከመንገዱ ብዙ እንጠቀማለን። መንገዱስ ከእኛ የሚጠይቀው ሐቅ የለምን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ታሪክን መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ሰፈራችን እንዴት ተጨናነቀች?

ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ ውስጥ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ል. ከተማይቱን በያዘበት ጊዜ የሀገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አውጥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሥፍራ አዛወረው። ይህን ያደረገው ነጮቹ ከጥቁሩ ሕዝብ ተለይተው እንዲኖሩ አስቦ ነበር። ወራሪው ቢባረርም ገበያው በዚያው ቀረ። ከጉራጌና ከስልጤ ሀገር ለንግድና ለጉልበት ሥራ የመጡ ብዙ ቤተሰቦችም ከመርካቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኮልፌ፣ እየገፉ ሰፈሩ። ለጭቃ ቤት የሚሆነው እንጨት ከባሕር ዛፍ ይገኝ ነበርና በኮልፌ የአጠና ገበያ ቆመ። «አጠና ተራ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ ይህንኑ ይነግረናል።

ያም ሆኖ ኮልፌ ለብዙ ጊዜ የከተማ ዳር ነበረች። በ1954 ዓ.ል. የደቡብ አፍሪካው ኔልሰን ማንዴላ የውትድርና ትምህርት ለመማር ወደ ሀገራችን ሲመጡ የሠለጠኑት እዚሁ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነበር። ስድስት ወር ይቆያሉ ተብሎ ታስቦ ሁለት ወር ያህል እንደ ቆዩ ድርጅታቸው ስለ ፈለጋቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ ጠመንጃ ተሸክሞ ረጅም የእግር ጉዞ ለመለማመድ የሚመች ሜዳ በዙሪያዋ ነበር።

በሐምሌ 1967 ዓ.ል. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ብዙ ጭሰኛና ተከራይ ከባለቤት ጫና ተገላገለ። ነገር ግን አንድ ክፉ ልማድም አብሮ ገባ። ከደጃፋችን ውጭ ያለውን ሁሉ «የመንግሥት ነው» ማለት ጀመርን። «የመንግሥት ነው» ስንልም ብዙ ጊዜ «ጠያቂ የለውም» ማለታችን ነበር።

በ1990ዎቹ ደግሞ የቀለበት መንገድ ተሠራ። ከጦር ኃይሎች በ18 ማዞሪያ አድርጎ ወደ ዊንጌት የሚወስደው አስፋልት ሰፊና ፈጣን ሆነ። መኪና ያለው ተጠቀመ። እግረኛው ግን ቀድሞ ሰላምታ እየተለዋወጠ በቀጥታ ይሻገረው የነበረውን መንገድ በድልድይ መዞር ግድ ሆነበት። በ1999 ዓ.ል. በተደረገው ቆጠራ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ከ428,000 በላይ ሕዝብ ተቆጥሯል። አብዛኛው እግረኛ የሆነው ይህ ሕዝብ በየቀኑ የሚረግጠው በቤታችንና በአስፋልቱ መካከል የቀረውን ጠባብ መተላለፊያ ነው።

ቀደምት ሙስሊሞች መንገድን እንዴት ያዩት ነበር?

በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) በኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ትእዛዝ በዒራቅ የኩፋን ከተማ ሲመሠርቱ፣ ታሪክ ጸሐፊው ጦበሪ እንደ ዘገቡት፣ ከቤቶቹ በፊት መንገዶቹ ተለኩ። ዋናዎቹ 40 ክንድ፣ ተከታዮቹ 30ና 20 ክንድ፣ ትንንሾቹ መተላለፊያዎች 7 ክንድ እንዲሆኑ ተወሰነ። ሰባት ክንድ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች በመንገድ ስፋት ቢጣሉ ሰባት ክንድ እንዲተው አዘዋል። በመንገድ ዳር ለሚቀመጡ ሰዎችም የመንገድን ሐቅ ዘርዝረዋል፦ ዓይንን መስበር፣ ሰውን ከማስቸገር መቆጠብ፣ ሰላምታን መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከክፉ መከልከል።

በ450 ዓመተ ሂጅራ ባግዳድ ውስጥ የሞቱት ታላቁ ዓሊም አል ማወርዲ ስለ ሙሕተሲብ፣ ማለትም ስለ ገበያና ስለ መንገድ ተቆጣጣሪ፣ በጻፉት ምዕራፍ ነገሩን ይበልጥ ያጠብቁታል። ሰዎች በሚተላለፉበት መንገድ ላይ ማንም እንዳይገነባ ይከለከላል፤ መንገዱ ሰፊ ቢሆንም እንኳ አይፈቀድለትም። የገነባውም ይፈርሳል፤ የተገነባው መስጊድ ቢሆንም ያው ነው። ምክንያቱም መንገድ የተሠራው ለመተላለፊያ ነው። ስለ ዕቃም ፍርዳቸው ግልጽ ነው፦ ሰው ዕቃውን ወይም የግንባታ እንጨቱን ቀስ በቀስ እስኪያነሣው ድረስ በመንገድ ቢያስቀምጥ፣ አላፊውን ካልጎዳ ይተዋል፤ ከጎዳ ይከለከላል።

ከዚህ ማንም ሰው ድሃውን ከመንገድ ዳር ለማባረር ምክንያት እንዳያወጣ እፈራለሁ። በጥንቱ የሙስሊሞች ገበያ ቦታ እንደ መስጊድ ሰፍ ነበር፤ ቀድሞ የመጣ ለዚያ ቀን ይይዘዋል፣ ሲሄድ ይለቀዋል። በሀገራችንም ሐረር ጁገል ውስጥ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ግራና ቀኝ ደርድረው ይሰፋሉ፤ ሰውም በመካከላቸው ያልፋል። ለሽንኩርት ሻጯም ለመንገደኛውም ሐቅ አላቸው። ጥፋቱ የሚጀምረው አንዱ የሌላውን ማለፊያ ሲበላ ነው።

የእኔ ደጃፍ

ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ። አሁን ግን ስለ ራሴ ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ መንገዱ የሚከፈተውን ክፍሌን የብረት በር ለሚሠራ ወንድም አከራየሁ። እሱም «ኡስታዝ፣ ከፊት ለፊት ያለውንም ቦታ ከተጠቀምኩበት ኪራዩን እጨምራለሁ» አለኝ። ቦታው የእኔ አልነበረም፤ የእግረኛ ነበር። እኔ ግን ቤት ውስጥ ወጪ በዝቶብኝ ስለ ነበር «ይሁን» አልኩ። በሮቹም ከግድግዳው ላይ ተደገፉ፤ ቀጥሎ ወደ ፊት ወጡ፤ በመጨረሻም መተላለፊያውን ሞሉት። እኔ በየቀኑ በዚያ ስወጣና ስገባ ዓይኔ ለመደው።

አንድ ቀን ከዐስር በኋላ ለመቅራት የሚመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በሮቹን ለመዞር ወደ አስፋልቱ ወረደ። ሚኒባስ ገጭቶ እግሩን ሰበረው። አልሐምዱ ሊላህ፣ ነፍሱ ተረፈች። ሾፌሩ ቆሞ አንሥቶ ወሰደው፤ ሰፈርተኛው ሁሉ ሾፌሩን ወቀሰ፤ እኔም አብሬ ወቀስኩ። ማታ ልጁን ልጠይቅ ሄድኩ። እናቱ አልተቆጡኝም። ሻይ አቀረቡልኝና ዝግ ባለ ድምፅ «ኡስታዝ፣ ልጁ በየት በኩል ይለፍ ነበር?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ከሰላሳ ቀን ያላነሰ ልጁ ተኝቶ ሰነበተ። በሮቹ በማግሥቱ ወደ ውስጥ ገቡ። ተከራዬ ቅር ተሰኘ፤ ኪራዩም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። የጨመረልኝን ገንዘብ አስቤ ለልጁ ማሳከሚያ ሰጠሁ። ሒሳቡ በዚህ ተዘጋ ብዬ ግን አላምንም። ልጁ ዛሬ ሲሄድ ትንሽ ያነክሳል፤ በደጄ ባለፈ ቁጥር አየዋለሁ።

ውድ አንባቢያን! ከ2016 ዓ.ል. ወዲህ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ሥራ በብዙ ቦታ የእግረኛ መንገድ ሰፍቷል። ነገር ግን መንግሥት ያሰፋውን መንገድ እኛ ሸራ በመወጠር፣ ጎማ በመከመርና አሸዋ በማፍሰስ መልሰን ልናጠበው እንችላለን። ከመንገድ ላይ እንቅፋትን ማንሣት ከኢማን ክፍሎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። እንቅፋቱ ድንጋይ ሲሆን በእግራችን ገፋ እናደርገዋለን። ገቢ የሚያስገኝልን ንብረታችን ሲሆን ግን እንቅፋት መሆኑ አይታየንም።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች ዛሬ ከልጆቻችሁ ጋር ወደ ደጃፋችሁ ውጡ። ዓይነ ስውር በትሩን ይዞ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ አዛውንት ምርኩዛቸውን ይዘው በዚያ ማለፍ ይችሉ እንደ ሆነ ተመልከቱ። ካልቻሉ የእናንተ የሆነውን አንሡ፤ የጎረቤትን ደግሞ በመልካም ቃል አሳስቡ። በኮልፌ የሙስሊሞች መቃብር አለ፤ ከየሰፈሩ ጀናዛ የተሸከሙ ሰዎች ወደዚያ ሲሄዱ እናያለን። እኛም አንድ ቀን በሰው ትከሻ ሆነን በዚህ መንገድ እናልፋለን፤ ያን ቀን መንገዱ ክፍት እንዲሆንልን የማይሻ የለም።

አላህ (ሱ.ወ) የሰውን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።