ሃሪ ቤላፎንቴ እና እምቢ ያላቸው ነገሮች

ወዳጆቼ፣ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ነፍስ ያወቀ ሰው «ዊ አር ዘ ወርልድ» የሚለውን ዘፈን አይረሳውም። የጻፉት ማይክል ጃክሰንና ላዮኔል ሪቺ፣ የመሩት ደግሞ ኩዊንሲ ጆንስ መሆናቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። «ሐሳቡን መጀመሪያ ያነሳው ማነው?» ሲባል ግን ዝምታ ይሆናል። ክፍል ውስጥ ስጠይቅም እንደዚያው ነበር። ሰውየው ዘፈኑ ውስጥ ለብቻው የሚዘፍናት አንዲት ስንኝ እንኳ የለችውም፤ ከተቀባዮቹ ጋር ቆሞ አብሮ ያዜማል። ስሙ ሃሪ ቤላፎንቴ ነው።

ዛሬ ስለሱ ትንሽ ላጫውታችሁ። «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው።

አብዛኛው ሰው «ዘፋኝ ነበር፣ በኋላ ተዋናይ ሆነ» ይለዋል። የሱን ታሪክ ለመረዳት ግን ከዚያ በፊት ያለውን ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ልጁ መጀመሪያ የተመኘው ትወናን ነው፤ ዘፈን እንጀራው ሆኖ የመጣው በኋላ ነው።

ቤላፎንቴ መጋቢት 1 ቀን 1927 ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹ ከካሪቢያን የመጡ ስደተኞች ናቸው፤ እናቱ ጃማይካዊት ስትሆን በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የልጅነቱን የተወሰኑ ዓመታት ጃማይካ ውስጥ አሳለፈ። ሌሊቱን ሙሉ ሙዝ መርከብ ላይ ሲጭኑ ያደሩ ሠራተኞች የሚያዜሙት ዓይነት ዘፈን እዚያ ጆሮው ውስጥ ቀረ። አሜሪካ ከተመለሰ በኋላ ትምህርቱን አቋርጦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕር ኃይል ገባ። ከጦርነቱ ሲመለስ ደግሞ የአንድ አፓርታማ ጽዳትና ጥገና ረዳት ሆነ።

አንድ ቀን የአንዲት ተከራይ የመስኮት መጋረጃ ጠገነላት። ለምስጋና የሰጠችው ጉርሻ የአሜሪካ ጥቁሮች ቴያትር መግቢያ ትኬት ነበር። ሄደ፣ አየ፣ ቀረ! ዕቃ እየተሸከመ፣ መድረክ እያዘጋጀ ቴያትር ቤቱ ውስጥ ተጠጋ። እዚያ ነው ሲድኒ ፖይቲየርን ያገኘው። ፖይቲየር በ9 ቀን ይበልጠዋል፤ እሱም ከካሪቢያን አካባቢ ከመጣ ድሃ ቤተሰብ የተገኘ ልጅ ነው። አንድ ቀን ቤላፎንቴ የአፓርታማውን ሥራ ትቶ መምጣት አልቻለም፤ ቦታውን ተጠባባቂው ፖይቲየር ሸፈነለት። አጋጣሚ ሆኖ በዚያች ቀን አንድ አዘጋጅ ተመልካች ሆኖ ተቀምጦ ነበር፤ ፖይቲየርን አይቶ ሥራ ሰጠው። የፖይቲየር መንገድ የተከፈተው እንዲህ ነው። ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ነገር ሲቀላለዱ ኖሩ።

ቤላፎንቴ ከዚያ የድራማ ትምህርት ቤት ገባ። ማርሎን ብራንዶና ዎልተር ማታው አብረውት ተምረዋል። ችግሩ ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጥ ሥራ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ኪሱ ሲራቆት ማታ ማታ በጃዝ ክለብ መዝፈን ጀመረ። በመጀመሪያዋ ምሽት ከኋላው ቆመው ያጀቡት እነ ቻርሊ ፓርከር ናቸው! ቀጥሎ ጃዙን ተወና የሕዝብ ዘፈኖችን፣ የሠራተኛ ዜማዎችን ማጥናት ያዘ።

እዚህ ላይ እኛን ብዙም አይገርመንም። በእነ ሀገር ፍቅር ቴያትር ወግ ዘፈኑም ድራማውም በአንድ መድረክ ይቀርብ ስለነበር፣ «ዘፋኝ ነው ወይስ ተዋናይ?» ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅ አልነበረም። ሆሊውድ ግን እያንዳንዱን በየሳጥኑ ማስቀመጥ ይወዳል፤ ጥቁር ሲሆን ደግሞ ሳጥኑ ይጠባል።

በ1954 በብሮድዌይ ሥራው የቶኒ ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ዓመት «ካርመን ጆንስ» በተባለው ፊልም ከዶሮቲ ዳንድሪጅ ጋር መሪ ተዋናይ ሆነ። አስቂኙ ነገር፣ ፊልሙ የኦፔራ ሙዚቃ ስለሆነ ሲዘፍን የምንሰማው ድምፅ የሱ አይደለም፤ የሌላ ሰው ድምፅ ተለጥፎበታል። ዘፋኙ ሰውዬ ፊልም ላይ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል! ከሁለት ዓመት በኋላ «ካሊፕሶ» የተባለው አልበሙ ወጣ። የአሜሪካን ሰንጠረዥ ለ31 ሳምንታት መራ። ያ የሙዝ ጫኞች ዜማ የዓለም ዘፈን ሆነ።

አሁን እጁ ላይ ዝና አለ፣ ገንዘብ አለ። ጥያቄው ምን ያደርግበታል የሚለው ነው። የሰውየውን ታሪክ የማስተምርበት ምክንያትም ይኸው ነው።

በ1957 በወጣው «አይላንድ ኢን ዘ ሰን» ፊልም የሱ ገጸ ባሕርይና አንዲት ነጭ ሴት ይፈላለጋሉ፤ ግን መሳሳም እንኳ አልተፈቀደላቸውም። እንዲያም ሆኖ በደቡብ ግዛቶች ቁጣ ተነሳ። ቤላፎንቴ በዚህ ተማረረ። «ፖርጊ ኤንድ ቤስ»ን አምጥተው ሲሰጡት ጥቁርን ዝቅ አድርጎ የሚያሳይ ነው ብሎ እምቢ አለ። የራሱን የፊልም ኩባንያ አቋቁሞ በ1959 «ኦድስ አጌንስት ቱሞሮው»ን ሠራ። የፊልሙን ጽሑፍ የጻፈው አብርሃም ፖሎንስኪ በጊዜው በኮሙኒስትነት ተፈርጆ ከሥራ የታገደ ሰው ስለነበር፣ በስሙ ማውጣት አልተቻለም፤ በአንድ ጥቁር ደራሲ ስም ወጣ። የፖሎንስኪ ስም የተመለሰለት በ1996 ነው።

ከዚያ በኋላ ቤላፎንቴ እስከ 1970 ድረስ ፊልም አልሠራም። አሥር ዓመት በላይ! «ሊሊስ ኦፍ ዘ ፊልድ» ለሱም ቀርቦለት ነበር። ሰውየው ቤተሰብ የለው፣ ያለፈ ታሪክ የለው፣ የራሱ ፍላጎት የለው፣ ለመነኮሳት ብቻ ደፋ ቀና የሚል ጥቁር ነው ብሎ ተወው። ፖይቲየር ተቀበለውና በ1964 በመሪ ተዋናይነት ኦስካር ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። ከሁለቱ ማን ትክክል ነበር? እኔ መፍረድ አልፈልግም። አንዱ በሩን ከውስጥ ከፈተ፣ ሌላው በዚያ በር አጎንብሼ አልገባም አለ። ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር ባይ ነኝ።

ቴሌቪዥንም ላይ ያው ነው። በ1960 የኤሚ ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። ስፖንሰሩ ግን ጥቁርና ነጭ አንድ መድረክ ላይ መቀላቀላቸውን አልወደደውም። ቤላፎንቴ አልለያይም አለ፤ ፕሮግራሙም በዚያው ቀረ። በ1968 ደግሞ እንግሊዛዊቷ ፔቱላ ክላርክ አብራው ስትዘፍን ክንዱን ስለያዘች የስፖንሰሩ ሰው ተቀርጾ ይደገም አለ። ሁለቱም እምቢ አሉ፤ እንዳለ ተላለፈ።

ፊልም ባልሠራባቸው ዓመታት ታዲያ ሥራ አልፈታም። የማርቲን ሉተር ኪንግ የቅርብ ወዳጅ ነበር፤ በበርሚንግሃም ለታሰሩት ሰልፈኞች የዋስ ገንዘብ አሰባሰበ። በ1964 ክረምት ሚሲሲፒ ውስጥ ሦስት የመብት ታጋዮች በተገደሉ ሰሞን፣ ለተማሪዎቹ ንቅናቄ 70,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ በቦርሳ ይዞ ወደዚያው ግዛት በረረ። ብቻዬን አልሄድም ብሎ ማንን ይዞ እንደሄደ ልንገራችሁ? ፖይቲየርን። በጨለማ የኩ ክለክስ ክላን ሰዎች በመኪና አሳደዷቸው፤ በነፍሳቸው ተረፉ። ሚርያም ማኬባንም አሜሪካ ስትገባ እጇን ይዞ ያስተዋወቃት እሱ ነው፤ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ የዘፈነችውን ማኬባን።

ወደ እኛ ታሪክ እንመለስ። መስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በድግስ አከበረ። በጥቅምት የቆረም ሕዝብ እልቂት በቴሌቪዥን ለዓለም ታየ። የእንግሊዝ ዘፋኞች ቀድመው ዘፈን አወጡ። ቤላፎንቴ ያኔ 57 ዓመቱ ነው፤ «የእኛ የጥቁሮቹ አርቲስቶች ድርሻ የት አለ?» በሚል መንፈስ ስልክ መደወል ጀመረ። ጥር 1977 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ዘፈኑ ተቀረጸ። በመሃል ዘፋኞቹ በሙሉ ዞር ብለው የሙዙን ዘፈን እየዘፈኑ አከበሩት። ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ፤ ሰኔ ላይ ራሱ ከእርዳታው ጋር ኢትዮጵያ መጣ። እርዳታውን በተመለከተ ብዙ ክርክር አለ፣ ስለ ሰፈራውም፣ ስለ ፖለቲካውም፤ ክርክሩ ተገቢ ነው። የሰውየውን ልብ ግን አይለውጠውም።

ትወናውንም አልተወውም። በ1972 ከፖይቲየር ጋር ሠራ፣ በ1996 በ«ካንሳስ ሲቲ» የኒው ዮርክ ተቺዎች ሸለሙት። የመጨረሻው በ2018 የወጣው «ብላክክላንስማን» ነው፤ የ91 ዓመት ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጦ በ1916 ስለተፈጸመ የግድያ ታሪክ ለወጣቶች ያወራል። ለዚህች አጭር ትዕይንት ስትሉ ፊልሙን እዩት። ሚያዝያ 25 ቀን 2023፣ በ96 ዓመቱ አረፈ።

ተማሪዎቼ ለነበራችሁ አንድ የቤት ሥራ፦ የአርቲስት ታሪክ ስትጽፉ የሠራውን ብቻ አትቁጠሩ፣ አልሠራም ያለውንም ጠይቁ። በ77 በእርዳታ ጣቢያዎች የሠራችሁ ወይም የተረዳችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ያያችሁትን እዚህ ሥር ጻፉልኝ። እኛው ካልጻፍነው ሌላ ማን ይጽፈዋል?