የጓሳ ሣርና የ«ነጥብ ኢቲ» አደራ

«ስም ከመቃብር በላይ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ኢንተርኔት ላይ ያለ ስም ግን መዝገብ ይፈልጋል። መዝገቡ ደግሞ ጸሐፊ አለው። ለመሆኑ የዚህን ጸሐፊ ሥራ የሚያየው ማነው? ቢያጠፋስ ለማን አቤት ይባላል?

ጥያቄው የኮምፒውተር ሰዎች ብቻ ይመስላል። እኛ ግን መልሱን ፍለጋ መጀመሪያ ወደ መንዝ እንውጣ እንላለን።

ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የጓሳ ሣር ምድር አለ። በሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የዝናብ መከላከያ ገሳ ይሠራበታል። ሁሉም የሚፈልገው ነገር ጠባቂ ካጣ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ የአስቦና የጌራ ዘሮች «ቀሮ» የሚባል ሥርዓት አበጁ። ሥርዓቱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። ሣሩ ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ ይቆይና ሲደርስ ተመክሮበት ይከፈታል። ጠባቂዎቹን አለቆች የሚመርጡት ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ናቸው፤ ተሰብስበው፣ ከአስቦ አንድ፣ ከጌራ አንድ። ልብ በሉ! አለቃው የሣሩ ጌታ አይደለም። አደራ ተቀባይ ነው።

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ እንመለስ። (ከዚህ በታች ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ በመረቡ የተገናኙት ኮምፒውተሮች ስም በሙሉ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለ አንድ የምርምር ተቋም፣ በአንድ ፋይል ላይ ይጻፍ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲበዛ ፋይሉ አልቻለም። በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የዶሜይን ስም ሥርዓትን ነደፈ። ከላይ አንድ ዋና መዝገብ አለ፤ ከሥሩ እንደ «ኮም» እና እንደ «ኢቲ» ያሉ ቅርንጫፎች ይዘረጋሉ፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን ስሞች ይመዘግባል። ዋናውን መዝገብ ለረጅም ዓመታት የያዘው ጆን ፖስቴል የተባለ የኮምፒውተር ሊቅ ነበር። ይህ ሰው በመጋቢት 1994 ባወጣው ጽሑፍ ያሰፈረው ሐሳብ መንዞችን የሚያስቅ አይደለም፦ የአገር ስም የተሰጠው አካል ባለቤት ሳይሆን የሕዝብ ባለአደራ ነው፤ ስለ መብቱ ሳይሆን ስለ ኃላፊነቱ ይጨነቅ።

«ነጥብ ኢቲ» በዋናው መዝገብ የገባው በጥቅምት 1995 ነው። ቴሌ ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው ግን በጥር 1997 ነው። ስማችን ከመስመራችን ቀደመ ማለት ነው!

በ1998 ፖስቴል አረፈ። በዚያው ዓመት ዋናውን መዝገብ እንዲያስተዳድር አይካን የተባለ ድርጅት ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በውል ተቋቋመ። ቅሬታውም ተከተለ። የዓለም ሁሉ ስም በአንድ አገር ንግድ ሚኒስቴር ፈቃድ ሊያድር ነው? በ2003 ጄኔቭ፣ በ2005 ቱኒስ ላይ መንግሥታት በዚህ ተከራከሩ። ከክርክሩ የተገኘው በየዓመቱ የሚሰበሰብ፣ ግን ውሳኔ የማያሳልፍ ጉባኤ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ውል ያበቃው በ2016 መስከረም መጨረሻ ላይ ነው።

አሥራ ሰባተኛው ጉባኤ በኅዳር 2022 የተደረገው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ስለ ኢንተርኔት አስተዳደር በሚመከርበት በዚያው ሰሞን፣ ከ2020 ጀምሮ ኢንተርኔት የተቋረጠበት የትግራይ ሕዝብ ገና አብዛኛው አልተገናኘም ነበር። ስለ ባለድርሻ አካላት ብዙ የተነገረበት አዳራሽ ድርሻውን ካጣው ሕዝብ ይህን ያህል ርቆ ነበር።

የኛስ «ኢቲ»? ቀደም ሲል በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን፣ ከ2010 በኋላ በኢትዮ ቴሌኮም እጅ ቆየ። ሳፋሪኮም በ2022 ሥራ እስኪጀምር ድረስ መስመሩም፣ ሽያጩም፣ የስም መዝገቡም በአንድ ቤት ነበሩ። ነጋዴው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጋዜጠኛው ግን «አለቃችንን እንምረጥ፣ ሥራውንም እንጠይቅ» የሚልበት ጉባኤ አልነበረውም። ብዙው ሰው ሳያጉረመርም «ነጥብ ኮም» ገዝቶ ሄደ። ጠባቂው ያልተጠየቀበት ሣር አንዳንዴ የሚጠፋው በመታጨድ ሳይሆን በመተው ነው።

ቀሮንም መልአክ አናድርገው። የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ሰው ድርሻ አልነበረውም። በኛ አቆጣጠር የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቀሮም አብሮ ወደቀ፤ ጠባቂ ያጣው ሣርም ተጎዳ። የአካባቢው ሰው ኋላ ላይ ጥበቃውን እንደገና ሲያቋቁም በዘር ሳይሆን በነዋሪነት አደረገው። ትምህርቱ ሁለት ነው፦ ጠባቂ ይኑር፤ ጉባኤውም ማንንም አያስቀር።

ይህ ሊሆን እንደሚችል አንድ ምሳሌ አለን። «መሐል ሜዳ»ን በ«ሐ» የሚጽፍ አለ፤ በ«ሀ» የሚጽፍም አለ። ሁለቱ ለሁለት ሰው ቢሰጡ አንባቢው የትኛው የማን እንደሆነ በምን ያውቃል? በአይካን ሥር የተሰባሰቡ የፊደላችን ባለሙያዎች ይህንኑ ተወያይተው፣ በዋናው መዝገብ ላይ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ሁለት ተፎካካሪ ስም እንዳይፈጥሩ ደንብ አዘጋጁ። ደንቡ በ2017 ጸደቀ። ካሊፎርኒያ ያለ ሰው ብቻውን ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ያወቀው በፊደሉ የሚጽፈው ሰው ስለተጠየቀ ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን ቀላል ነው። ዋናው መዝገብ ስለ «ሐ»ና ስለ «ሀ» ከጠየቀን፣ «ነጥብ ኢቲ» ስለ ራሱ ዋጋ፣ ስለ ደንቡ፣ ስም ስለሚሰረዝበት ምክንያት ለምን አይጠይቀንም? መንዞች ለሣር ጉባኤ ጠርተዋል። ስም ከሣር አያንስም።