ተውኔት የወለደው ቴአትር

በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በኮርንዎል ጠረፍ የምትገኘው ፖርትከርኖ የተባለች መንደር በምሕንድስና ታሪክ የምትታወቀው፣ በ1870 ወደ ህንድ የሚወስደው የባሕር ሥር የቴሌግራፍ ገመድ ስላረፈባት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያው ዳርቻ በላይ፣ ሚናክ በሚባለው የቋጥኝ አፋፍ ላይ ግን መሐንዲስ ያልነደፈው፣ ሆኖም መሐንዲስ ሊያጠናው የሚገባ ሌላ ሥራ አለ። እርሱም የመንደር ሰዎች ተውኔት የወለደው ጣሪያ አልባ ቴአትር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1929 ነበር። ቴአትርን ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ብቻ የሚሠሩ የአካባቢው ነዋሪዎች፣ «አ ሚድሰመር ናይትስ ድሪም» የተሰኘውን የሼክስፒር ተውኔት፣ ክሪን በተባለ ሥፍራ በሚገኝ መስክ ላይ አሳዩ። የሚናክ አፋፍ ባለቤት የነበሩት ወይዘሪት ሮዌና ኬድም በአልባሳቱ ዝግጅት ረዷቸው። ምርጫው የሚያስደንቅ ነው፤ በዚያ ተውኔት ውስጥ አናጢው፣ ሸማኔውና ልብስ ሰፊው ተሰብስበው ለመስፍኑ ሠርግ ቴአትር ያሰናዳሉና። ክርክራቸውም ስለ ቃላት ውበት ሳይሆን ስለ ሥራው ነው። የጨረቃን ብርሃን ወደ አዳራሽ እንዴት እናስገባ? ሁለቱን ፍቅረኞች የሚለያየውን ግድግዳ ከየት እናምጣ? የቀን መቁጠሪያ ገልጠው ጨረቃ በዚያች ሌሊት መውጣቷን ያረጋግጣሉ፤ በመጨረሻም ፋኖስ የያዘ ሰው ጨረቃን፣ ልስን የተለሰነ ሰው ግድግዳን ሆኖ ይቆማል። ደራሲው ያሾፈባቸው ቢመስልም ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነው፤ ቦታው፣ ብርሃኑና ቀኑ ሳይወሰኑ ተውኔት አይኖርም።

ትርኢቱ በ1930 ተደገመ። ቡድኑ ቀጥሎ የመረጠው፣ በማዕበል ተመትተው በደሴት ላይ ስለሚወድቁ መንገደኞች የሚተርከውን «ዘ ቴምፔስት» ነበር። ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው መስክ ሳይሆን ባሕር ነው። ወይዘሪት ኬድ ከቤታቸው በታች ያለውን የአትክልት ሥፍራ ፈቀዱ። ፈቃዱ ቀላል ነበር፤ ሥራው ግን ከባድ ሆነ፤ ቦታው ወደ ባሕር የሚወርድ ገደል ነበርና። በ1931 መጨረሻ ጀምሮ፣ እርሳቸው ከአትክልተኛቸው ከቢሊ ሮሊንግስና ከቻርልስ ቶማስ አንጎቭ ጋር ለስድስት ወራት ያህል ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ አፈር እየደለደሉ መድረኩንና የመጀመሪያዎቹን መቀመጫዎች አበጁ። በ1932 በጋ ተውኔቱ ታየ። ብርሃኑም የተገኘው ከባትሪ፣ ከመኪና የፊት መብራትና ከቤቱ ከተሳበ ደካማ ኤሌክትሪክ ነበር። ፋኖስ ይዞ ጨረቃን የሆነው የተውኔቱ ሰው ይህን ዘዴ ቢያይ ባልገረመው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ልማድ ያዘ፤ በብርዱ ወራት ይገነባል፣ በበጋ ይታያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዳርቻው በእሾህ ሽቦ በመታጠሩ ተቋረጠ፤ ሰላም ሲወርድ እንደገና ተጀመረ። ግራናይት ማስጠረብ ከአቅም በላይ ስለሆነ፣ ወይዘሪት ኬድ ከባሕሩ ዳር አሸዋ በጀርባቸው እያመላለሱ ከሲሚንቶ ጋር አቦኩ። ኮንክሪቱ ሳይደርቅም በአሮጌ ካቻቢቴ ጫፍ ጌጥና ጽሕፈት ይቀርጹበት ነበር። ከተሰበረ የስፔን መርከብ ባሕሩ የተፋቸውን ረዣዥም ምሰሶዎች ሳይቀር ለሥራው አዋሉ። ቴአትሩ በ1976 የበጎ አድራጎት ተቋም ሆነ፤ እርሳቸውም በ1983፣ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ሲቀሩ ዐረፉ። ትርኢቱ ግን ዛሬም አልተቋረጠም።

ይህን ታሪክ ብዙዎች የአንዲት ብርቱ ሴት ገድል አድርገው ይተርኩታል። ብርታታቸው የማይካድ ነው። ይሁን እንጂ መድረኩን የጠየቀው ቡድኑ፣ ቅርጹን የወሰነው ተውኔቱ፣ የሥራውን ጊዜ የቆረጠው የትርኢቱ ቀን መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ለአንድ ተውኔት የሚበቃ እንጂ ከዚያ የሚያልፍ አልነበረም፤ ቀሪው ሁሉ የተጨመረው አገልግሎቱ በታየ መጠን ነው።

በእኛ ሙያ ግን አሠራሩ ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። አዳራሹን አስቀድመን እንነድፋለን፣ ሠርተን እናስረክባለን፤ ማን ምን እንደሚሠራበት የሚጠየቀው ቁልፉ ከተሰጠ በኋላ ነው። ከዚህም የተነሣ በሚገባ ተገንብተው ሳለ ሰው የማይሰበሰብባቸው ቤቶች ይበዛሉ። ሕዝብ የሚገለገልበትን ቤት የሚነድፍ መሐንዲስ፣ ከልኬቱ በፊት ተገልጋዮቹ ዘንድ ሄዶ የሚለማመዱትን ቁጭ ብሎ ቢመለከት፣ ያ ሰዓት እንደ ባከነ ሊቈጠርበት አይገባም፤ የንድፉ የመጀመሪያ ሥራ እርሱ ነውና።