ከሪዮሃ ማዶ ያሉት የስፔን ወይን ጠጆች

“ሪዮሃ ይኖርዎታል?” አልኳቸው፤ ማድሪድ ውስጥ የአንዲት ጠባብ የወይን ጠጅ መሸጫ ቤት ባለቤት የሆኑትን አዛውንት፡፡

“ሪዮሃን አገርዎም ሆነው ያገኙታል፡፡ እዚህ ድረስ ከመጡ አይቀር ሌላውን ይቅመሱ” አሉና አራት ጠርሙሶች ደረደሩልኝ፡፡ የአንዱንም ስም ሰምቼ አላውቅም ነበር፡፡ ይህ ጽሑፍ የዚያን ምሽት ቅምሻና ከዚያ ወዲህ አንብቤ የተረዳሁትን አጣምሮ የያዘ ነው፡፡

በወይን እርሻ ስፋት ስፔንን የሚያህል አገር በዓለም የለም፡፡ ውጭ አገር በስፋት የሚታወቁት ግን ሪዮሃ፣ ሪቤራ ዴል ዱዌሮና የሄሬሱ ሼሪ ናቸው፡፡ በሕግ የተጠበቀ የትውልድ ሥፍራ ስም ያላቸው የወይን ጠጅ አካባቢዎች ከ60 በላይ መሆናቸውን ብዙ ጠጪ አያውቅም፡፡ እያንዳንዱ አካባቢ የትኛው የወይን ዝርያ እንደሚተከልና ከአንድ ሄክታር ምን ያህል ምርት እንደሚሰበሰብ የሚወስን የራሱ ደንብ አለው፡፡

ስለ ጠርሙሶቹ ከመናገሬ በፊት ስለ አንድ ተባይ ላውሳ፡፡ ፊሎክሴራ ይባላል፡፡ እንደ ክሽክሽ ያለች፣ የወይን ሥር እየመጠጠች ተክሉን የምታደርቅ ነፍሳት ናት፡፡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ገብታ የወይን እርሻዎችን ፈጀች፤ እ.ኤ.አ. በ1878 ደግሞ በስፔን ማላጋ ታየች፡፡ የተገኘው መፍትሔ የአውሮፓን ወይን ቅርንጫፍ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ መቀጠል ነው፡፡ አሸዋ ግን አይመቻትም፡፡ በአሸዋማና በራቅ ያሉ ቦታዎች በራሳቸው ሥር የቆሙ ያረጁ ወይኖች እስከ ዛሬ የተረፉት ለዚህ ነው፡፡

ቻኮሊ

የመጀመሪያው ጠርሙስ ከሰሜኑ የባስክ ባሕር ዳርቻ፣ ከጌታሪያ የመጣ ነጭ ነው፡፡ ጌታሪያ እ.ኤ.አ. በ1522 የመጀመሪያውን የዓለም ዙር የባሕር ጉዞ ያጠናቀቀው የሁዋን ሴባስቲያን ኤልካኖ የትውልድ ከተማ ናት፡፡ ባለሱቁ ጠርሙሱን ከፍ አድርገው በቀጭኑ አንቆረቆሩት፡፡ በውስጡ ያለው ጥቂት ጋዝ የሚነቃው እንዲህ ሲቀዳ ነው፡፡ አልኮሉ 11 በመቶ ገደማ ነው፤ እንደ ሎሚና እንደ ጥሬ ፖም ይኮመጥጣል፡፡ ከአሳ ጋር በደንብ ቀዝቅዞ ይጠጣል፡፡ አመቱ ሳይዞር ቢጠጣ ይመረጣል፡፡

ሪቤይራ ሳክራ

ሁለተኛው ከጋሊሲያ ነው፤ የስሙ ትርጉም “ቅዱስ ዳርቻ” ማለት ሲሆን አካባቢው በጥንታዊ ገዳማት የታወቀ ነው፡፡ ወይኑ የሚበቅለው የሚንዮና የሲል ወንዞች በቆረጧቸው ገደሎች ላይ በተሠሩ የድንጋይ እርከኖች ነው፡፡ ትራክተር የማይገባባቸው በመሆናቸው ሠራተኛው ወይኑን በእጁ ይለቅማል፤ በአንዳንዱ ቦታ ሣጥኖቹ በሐዲድ ወይም በጀልባ ይጓጓዛሉ፡፡

ዝርያው ሜንሲያ ይባላል፡፡ ወይን ጠጅን በጉደርና በአክሱማይት ለለመድኩት ለእኔ መጀመሪያ ውሃ ውሃ አለኝ፤ ቀይ ከሆነ ከባድ ወይም ጣፋጭ መሆን ያለበት ይመስለኝ ነበር፡፡ ባለሱቁ ምንም አላሉኝም፤ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ አቀረቡልኝ፡፡ ሥጋው ላይ ስጠጣው የቀይ እንጆሪና የቁንዶ በርበሬ ጠረኑ ወጣ፤ ቅባቱንም ከአፌ ጠረገው፡፡ ስህተቴ የገባኝ ያኔ ነው፡፡

ሁሚያ

ሦስተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፡፡ ሁሚያ በደቡብ ምሥራቅ፣ በሙርሲያ አካባቢ ያለ ደረቅና ሞቃት ደጋ ሲሆን ሞናስትሬል የተባለው ዝርያ ይበቅልበታል፡፡ ፈረንሳዮች ይህንኑ ዝርያ ሙርቬድር ይሉታል፡፡ ፊሎክሴራ እዚህ ጉዳት ያደረሰችው እጅግ ዘግይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፡፡ በአሸዋማው መሬት ያሉ አሮጌ ወይኖች ግን ተርፈዋል፡፡ መጠጡ ጠቆር ያለና ወፍራም ነው፤ አልኮሉ ከ14 በመቶ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፡፡ ለበግ ጥብስ የሚሆነው ይሄ ነው፡፡

ላንሳሮቴ

አራተኛው ከካናሪ ደሴቶች ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1736 በላንሳሮቴ የፈነዳው እሳተ ገሞራ ለም መሬቱን በጥቁር አመድ ቀበረው፡፡ ገበሬዎቹ አመዱን ቆፍረው ከሥሩ ያለው አፈር ላይ ሲደርሱ ወይን ተከሉ፤ ከንፋስ እንዲከልልም በየጉድጓዱ ዙሪያ ግማሽ ክብ የድንጋይ ካብ ሠሩ፡፡ አመዱ እርጥበት ይይዛል፤ ዝናብ በጣም ጥቂት በሆነበት ደሴት ወይኑን የሚያኖረው ይሄ ነው፡፡ ማልቫሲያ የተባለው ነጭ ወይን ጠጅ የሎሚ፣ የጨውና የጢስ ስሜት ይሰጣል፡፡

ገዢው ሊያውቀው የሚገባ

በጠርሙሱ ወረቀት ላይ “ሆቨን” ካለ ወጣት ማለት ነው፤ በቶሎ ይጠጣል፡፡ “ክሪያንሳ” የተባለ ቀይ ቢያንስ 2 ዓመት፣ “ሬሴርቫ” 3 ዓመት፣ “ግራን ሬሴርቫ” 5 ዓመት የቆየ ነው፤ ከዚሁ ጊዜ የተወሰነው በእንጨት በርሜል ውስጥ ያለፈ ነው፡፡ ነገር ግን ብዙ መቆየት ለሁሉም አይበጅም፡፡ ቻኮሊን ማቆየት ትኩስነቱን ማጥፋት ነው፡፡

እነዚህን ወይን ጠጆች ልዩ ያደረጋቸው የመሬቱ አስቸጋሪነት ነው፤ የሚያሰጋቸውም እሱው ነው፡፡ በሪቤይራ ሳክራ ወጣቱ ወደ ከተማ በመፍለሱ ብዙ እርከኖች ጫካ ውጧቸዋል፡፡ ከመቶ ዓመት በላይ ከፊሎክሴራ ነፃ በነበሩት በካናሪ ደሴቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ተባዩ በቴኔሪፌ ተገኝቷል፡፡ በራሳቸው ሥር የቆሙት የደሴቶቹ ወይኖች ተባዩን የሚመክቱበት የተፈጥሮ መከላከያ የላቸውም፡፡

ስሰናበታቸው ለባለሱቁ አራቱንም እንደወደድኳቸው ነገርኳቸው፡፡ “እንግዲያው ይግዟቸው” አሉኝ፤ “ገደል ላይ የሚወጣው ሰው መውጣቱን የሚቀጥለው ገዢ ሲኖር ነው፡፡” ሁለት ጠርሙስ ሜንሲያ ይዤ ወጣሁ፡፡