ምን በላች?

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንዲት ላም፣ ስለ አያቴና ስለ አንድ ውሸት ነው። ውሸቱ የኔ ነበር።

አገሩ ጎጃም ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ፣ ጮቄ ተራራ ቁልቁል ወርዶ ሜዳ ከሚሆንበት። የጮቄ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያልፋል፤ ከጎኑ የሚፈልቁት ወንዞች ሁሉ ወርደው ወርደው ዓባይ ይገባሉ። ክረምቱን ሙሉ ደመናው ከተራራው ላይ አይነሣም። ሐምሌ ያልቃል፣ ነሐሴ ያልቃል፣ ጳጉሜን ታልፋለች። ከዚያ አንድ ቀን ጧት በሩን ስትከፍቱት ጭጋግ የለም። ተራራው ታጥቦ ቆሟል፤ ሜዳው ለምልሟል፤ የማሳው ድንበር ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ለብሷል። መስከረም ጠባ የምንለው ያን ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ ዘመነ ጽጌ፣ የአበባ ዘመን ትለዋለች።

ቤታችን የሀብታም ቤት አልነበረም። ሁለት በሬ፣ አንዲት ላም ከነጥጃዋ፣ ጉሮኖ ውስጥ ሰባት በግ፣ ጥቂት ዶሮ፣ ከጓሮ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ሦስት ቀፎዎች፤ ያ ነው ሀብታችን። አደይ ሲፈነዳ ንቦቹ ይነቃሉ፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ከዚያ አበባ የተቀዳ ነው። ላሟ በመልኳ ዳለቻ ትባላለች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወልዳ ነበር። አያቴ፣ እኛ እምዬ የምንላት፣ እንገሩን ጥጃው ጠብቶ ሳይጠግብ ሰው አያስቀምስም ነበር። «ቀድሞ የእሱ ነው፤ ጉልበቱ ከዚያ ነው» ትለናለች። ማለቢያው በወይራ ጭስ ታጥኖ፣ የተረፈው እንገር ምድጃ ላይ ሲረጋ፣ ጎተራው በተሟጠጠበት በዚያ ወር ለእኛ ለልጆች ድግስ ነበር።

አሁን ወደ ጓሮው ልውሰዳችሁ። በስተቀኝ ጤና አዳም፣ ከሥሩ ነጭ ሽንኩርት፣ ከአጥሩ ሥር ዳማከሴ፣ ከዚያ ወዲያ ግራዋ፣ ከአጥሩ ላይ የተንጠላጠለ እንዶድ። ቤት ውስጥ በቋጠሮ ፌጦ፣ ተልባ፣ ጥቁር አዝሙድ። ከመደቡ በላይ ካለው የግድግዳ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ጠርዟ የተሸረፈ አንዲት ሲኒ። በዚያች ሲኒ ቡና ተጠጥቶ አያውቅም፤ የመድኃኒት መለኪያ ነበረች።

ጎረቤት «እባክሽ ቅጠል ስጪኝ» ብሎ ሲመጣ እምዬ ወደ ጓሮ አትሮጥም። አስቀምጣ ትጠይቃለች። ለማን ነው? ከመቼ ጀምሮ? ምን በላ? ምች ለመታው ልጅ ዳማከሴውን በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን ግንባሩንና አፍንጫውን ትቀባዋለች፤ ጥቂት ጠብታ ቡናው ላይ ታደርግለታለች። ኮሶ ለሚጠይቃት ግን ጥያቄዋ ይረዝማል። አቅመ ደካማ ከሆነ ወይም እርጉዝ ከሆነች አትሰጥም። «ኮሶ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል» ትላለች። እውነቷን ነው፤ መጠኑ ያለፈ ኮሶ ብርሃን እንደሚያሳጣ ኋላ ሐኪሞችም ጽፈውታል።

እንግዲህ ወደ ውሸቴ ልምጣ።

የደመራ ሰሞን ነው። ዳለቻን ይዤ ወጣሁ። ጓደኞቼ ለደመራ አደይ እየለቀሙ ነበር፤ እኔም ላሟን ትቼ ተከተልኳቸው። ከወንዙ ዳር ጤዛው ያልረገፈ፣ ባለ ሦስት ቅጠል ለጋ ሣር ነበር። እምዬ ፀሐይ ሳይመታውና ላሟ ደረቅ ገለባ ሳትቀምስ ወደዚያ እንዳላስጠጋት ደጋግማ አስጠንቅቃኝ ነበር። አበባዬን ታቅፌ ስመለስ ዳለቻ ያን ሣር ጠግባ ቆማለች። ቤት ስንደርስ ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ምራቋ ይዝረበረባል፣ ትንፋሿ ያጥራል፣ እግሯን ወደ ሆዷ ታነሣለች።

«ምን በላች?» አለችኝ እምዬ።

«ምንም። ሜዳው ላይ ነበረች።»

ሰው ተሰበሰበ። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን «ዓይን ነው የበላት፤ ቀበርቾ ይታጠንላት» አሉ። እምዬ «ይታጠናል አባባ፤ ትንሽ ይታገሡኝ» ብላ ወደኔ መጣች። ቁጢጥ ብላ ዓይኗን ከዓይኔ አስተካከለች። አልጮኸችም።

«ልጄ፣ እኔ ቅጠል አውቃለሁ። ዛሬ የሆነውን የምታውቀው ግን አንተ ብቻ ነህ። ምን በላች?»

አበባው ከእጄ ወደቀ። «የወንዙን ዳር ሣር» አልኩ።

«አሁን ዳነች» አለች። ገና እጇን ሳታነሣ!

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ነው። ቅባኑግ በጠርሙስ ወጣ። አባቴ ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙሮ አቆማት፤ የፊት እግሮቿ ከፍ አሉ። እምዬ ቅባኑጉን በአፏ ጎን በኩል፣ ትን እንዳይላት አንገቷን ሳትጠመዝዝ፣ ጉንጭ ጉንጭ አድርጋ አጠጣቻት። ለስላሳ እንጨት በአፏ አግድመው አሰሩባት፤ ስታኝከው እንድታገሣ። ግራ ጎኗን እሽት አደረጉላት። ብዙ ቆየን። መጨረሻ ላይ ዳለቻ ረጅም ግሣት አገሣች፤ እኔም ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ምክንያቱን የተረዳሁት አድጌ ነው። ያ ባለ ሦስት ቅጠል እርጥብ ሣር ጨጓራዋ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ አየሩ በአረፋው ታስሮ መውጫ ያጣል። ዘይት አረፋውን ይሰብረዋል። ቀበርቾው ቢታጠን ኖሮ ቤቱ ይታጠን ነበር፤ አረፋው ግን ባለበት ይቀር ነበር። እውነቱን ደብቄ ቢሆን ኖሮ ጓሮ ሙሉ ቅጠል አያድናትም ነበር።

እምዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጎኗ አላራቀችኝም። የመስከረም ኩሬ አልቅት አለበት። ጥጃው በአፍንጫው ደም ሲነጥብ ምንም አላፈሰሰችበትም፤ ከጧት እስከ ማታ አስጠማችውና በገበቴ ንጹሕ ውኃ አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት። አልቅቱ ውኃ ሽቶ ብቅ ሲል፣ አመድ በነካ ጣቷ እንዳያሟልጫት ይዛ አወጣችው። እንዶድ ስትወቅጥ ደግሞ ልጅ አታስጠጋም። በእንዶዱ ልብስ የምታጥበው ከብት ከሚጠጣበት በታች ነው። «ቆሻሻ የሚያወጣ ነገር ሌላም ያወጣል» ትል ነበር።

እንዶድ ከቆሻሻ ሌላም እንደሚያወጣ እንደ እሷ በዓይኑ ያየ አንድ ሰው ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። ቀንድ አውጣዋ የቢልሃርዝያን ተሕዋስ የምታሳድር ናት። ከዚያ ምልከታ የተነሣ ምርምሩ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር፣ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አስገኘለት። የእናቶቻችንን እጅ አይቶ «ምን ሆነ?» ብሎ ስለጠየቀ ነው።

እምዬ የቅጠሏን ድንበርም ታውቅ ነበር። አንድ ዓመት ከበዓል ገበያ በመጣ ዶሮ ሰበብ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ገባብን። ጎረቤቱ ሬት ቆርጦ ውኃ ላይ ይዘፈዝፋል፤ እሷ ጥያቄዎቿን ጠየቀችና «ለዚህ ቅጠል የለኝም» አለች። የሞቱትን አቃጠለች፣ የቀሩትን ለየች፣ አባቴንም ስለ ክትባት እንዲጠይቅ ወደ ወረዳ ላከችው። ዛሬ ቢሾፍቱ የሚመረት ክትባት አለ፤ ዓይን ላይ በጠብታ ይሰጣል።

ያን ማታ የክፉ ቀንን ነገር አወራችን። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት ደስታ የሚባለው በሽታ አገሩን ሲያጠፋው፣ ከአሥር ከብት ዘጠኙ ሲወድቅ፣ በሬ አጥቶ ማሳው ጦሙን ሲያድር፣ ሰው በረሃብ ሲያልቅ፣ ይህን ሁሉ ከራሷ አያት ሰምታዋለች። «ያን ጊዜም ጓሮ ነበረ፤ ያን ጊዜም ቅጠል ነበረ» አለች። ያ በሽታ በክትባት ተሸንፎ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር መጥፋቱ ሲታወጅ እምዬ አልነበረችም። ብትሰማ እልል ትል ነበር።

ሲኒዋ አሁን እኔ ዘንድ ናት። ከተማ ነው የምኖረው፤ በረቱን የያዘው ወንድሜ ነው። ባለፈው መስከረም፣ በደመራ ሰሞን፣ ስልኬ ጮኸ። የወንድሜ ልጅ ነው፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል።

«አጎቴ፣ ጊደሯ ተነፋች! አባዬ ሐኪሙን ሊጠራ ሄዷል። እስኪመጡ ምን እናድርግላት?»

አፌን ስከፍት የወጣው የእምዬ ድምፅ ነው።

«ምን በላች?»

ልጁ ዝም አለ። ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ። ሳልቆጣ ጠበቅሁት።